ከካቡ ሥር የተከፈተው ሸንጎ

እኔ በሰው ላይ ቂም የምይዝ ሴት አይደለሁም። አንድ ነገር ላይ ግን ቂም ይዣለሁ። ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ስተኛ አብሮኝ ይተኛል፣ ስነሳ ቀድሞኝ ይነሳል። ነገሩ ይህ ነው፦ በእኛ አገር አንድ ሥራ «ይሠራ» ብሎ ቃል የሰጠ ሰው፣ ሥራው ባለቀ ቀን ከሥሩ ይቆማል። «ይደር» ያለ ሰው ግን የትም አይቆምም። ቤቱ ሄዶ ምሳውን ይበላል።

አገራችንን ስለማታውቁት ግራ ይገባችሁ ይሆናልና ላስረዳ። ድልድይ ይሠራ ያለ ሰው፣ ድልድዩ ሲያልቅ ወንዙ ውስጥ ገብቶ ከሥሩ ይቆምና የተጫኑ አጋሰሶች በላዩ ያልፋሉ። ጉድጓድ ይቆፈር ያለ ሰው ጉድጓዱ ውስጥ ይወርድና አፉ ዙሪያ ሰው ይጨፍርበታል። ቤት ያሠራ ከጣሪያው ሥር ይቀመጣል፣ የሰፈር ጎረምሳ ላዩ ላይ ይዘላል። አባቶቻችን ያወጡት ሥርዓት ነው፤ ሥራ እንዳይቀለድበት ብለው። ጥሩ ነው አልልም፣ መጥፎ ነውም አልልም። አልጋ ያሠራ ሙሽራ ከአልጋው ሥር ተኝቶ፣ የሚስቱ ዘመዶች ተሰብስበው ላዩ ላይ ሲቀመጡበት በዓይኔ አይቻለሁ። አልጋው አልተሰበረም። ሙሽራው ግን ከዚያ ወዲህ ምንም ነገር ይሠራ ብሎ አያውቅም።

ሰው ደግሞ ብልጥ ነው። ቀስ በቀስ «ይሠራ» የሚለው ቃል ከሰው አፍ ጠፋ። ባለጉዳዩ ሁሉ አጥሩ ሲወድቅም፣ ጣሪያው ሲያፈስም፣ መንገዱ ሲቦረቦርም «ይደር» ማለት ለመደ። «ይደር» ለስላሳ ቃል ነው፤ ማንም ላይ አይከብድም። እኔ እንጀራ የምበላበት ሥራ የተፈጠረው በዚህ የተነሳ ነው።

እኔ አስወሳኝ ነኝ። ይርገዱ እባላለሁ። ፊደል ቆጥሬ ንባብ ስጀምር እናቴ ታመመችና ከትምህርት ቤት ወጣሁ፤ በዚያው ቀረሁ። ስለዚህ ጽሑፌ እዚህም እዚያም ቢንጋደድ ቻሉኝ።

የአስወሳኝ ሥራ ከባለጉዳይ ጋር መቀመጥ ነው። አንዱ ቤት ልሥራ ወይስ አልሥራ እያለ ሲብሰለሰል ይጠራኛል። በድንጋይ ሥራው፣ በእንጨት ሥራው አልለውም፤ እሱን ግንበኛው ይንገረው። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ብትተወው ምን ይሆናል? እስከ መቼ ልትተወው ትችላለህ? ስትተወው የሚጎዳው አንተ ነህ ወይስ ሌላ ሰው? ሰው መጨረሻው ጥያቄ ላይ ሲደርስ አንገቱን ይደፋል። ያን ጊዜ እኔ ዝም እላለሁ። የሥራው ግማሽ ዝም ማለት ነው።

አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት የቤቷን ምሰሶ ምስጥ በልቶት፣ በጽድ ልተካው ወይስ በዋንዛ እያለች ከዓመት ዓመት ስትጨነቅ ጠራችኝ።

«እትዬ ይርገዱ፣ የቱ ይሻለኛል?» አለችኝ።

«ምስጡ የቱን እንደሚወድ ልጠይቅልሽ?» አልኳት።

ሳቀች። ከዚያ ምሰሶውን ቀና ብላ አየችውና ሳቋን አቆመች። በዚያው ሳምንት ጽድ አቆመች፤ ባለቀ ቀንም ከሥሩ ቆመች። ምንም አልሆነችም። እንዲህ ያለው ቀላል ጉዳይ ነው። ባለጉዳዩ የሚፈራው ራሱ የሚያድርበትን ቤት ነውና ቶሎ ይነቃል። ከባዱ ባለጉዳዩ ሌላ፣ የሚያድርበት ሌላ ሲሆን ነው።

አንድ ነገር አይፈቀድልኝም፤ እኔው ራሴ «ይሠራ» ማለት አልችልም። አስወሳኝ ከባለጉዳዩ ቀድማ ይህን ቃል ካወጣች፣ ጉዳዩ ተበላሸ ይባልና ከመጀመሪያው ይጀመራል። ስለዚህ ቃሉ ምላሴ ላይ እያለ ስንቴ እንደዋጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

አሁን ወደ ካቡ ልምጣ።

ከተማችን ተዳፋት ላይ ናት። ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ተብላ ለሁለት ትከፈላለች። ላይ ሰፈርን ደግፎ የያዘው አንድ ትልቅ ካብ ነው፤ ጭቃም ኖራም የሌለው፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተካበ። አደባባዩን፣ የሹሞቹን አዳራሽ፣ የአዳራሹን የአትክልት ቦታ ሁሉ ተሸክሟል። ከካቡ ሥር ደግሞ ታች ሰፈር አለ። ልጄ ውባለም ዳቦ እየጋገረች የምትሸጠው እዚያ ነው። የቤቷ ጓሮ ካቡ ነው።

ልጄ በተዳረች ሰሞን ካቡ አረገዘ። አረገዘ የምንለው ወገቡ ላይ ወደ ውጭ ሲነፋ ነው። በቤቷና በካቡ መካከል መጀመሪያ ጭነት የያዘ አህያ ያልፍ ነበር። ከዚያ ጭነቱን ማውረድ ግድ ሆነ። ከዚያ አህያው ቀርቶ ሰው ብቻ ያልፍ ጀመር። ከዚያ ሰውም በጎኑ ሆኖ። ዘንድሮ የሚያልፈው ዶሮ ነው፤ እሱም ካልወፈረ።

የካቡ ባለጉዳዮች ሰባት ሰዎች ናቸው። ሰብሳቢያቸው አቶ ድንበሩ የጥንቃቄ አለቃ ናቸው። ደረጃ ሲወርዱ እያንዳንዷን እርከን በከዘራቸው ነካ ነካ ሳያደርጉ አይረግጡም፤ የራሳቸውን ቤት ደረጃ ጭምር። ወይዘሮ ጌጤነሽ የማወዳደሪያ ሹም ናት፤ ሁለት ነገር ሳይቀርብላት አንዱን አትመርጥም፣ ሁለት ሲቀርብላት ደግሞ ሦስተኛ ታስመጣለች። አቶ ልሳነወርቅ የሁለተኛ ሐሳብ ሹም ነው፤ ምንም ነገር እሱ ሁለተኛ ሐሳብ ሳያመጣበት አይጸድቅም። የቀሩት አራቱ ተስማሚዎች ይባላሉ። ሥራቸው መስማማት ነው። ከማን ጋር እንደሚስማሙ እስኪነገራቸው ድረስ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ።

እኔ ለእነዚህ ሰዎች አስወሳኝ ሆኜ የተመደብኩት ካቡ አህያውን ከጭነቱ ጋር ማሳለፍ ያቆመ ዓመት ነው። ተመስገን፣ ልጄን ላድናት ነው ብዬ ደስ አለኝ። ምን ያህል የዋህ እንደነበርኩ እንግዲህ እዩ።

በመጀመሪያው ዓመት ካቡ ሲታደስ በምን ዓይነት ድንጋይ ይሁን ተባለ። ወይዘሮ ጌጤነሽ ከየአገሩ ናሙና አስመጣች፤ ጥቁር ድንጋይ፣ ነጭ ድንጋይ፣ ቀዩን፣ የወንዙን፣ የተራራውን። አንድ አንድ ድንጋይ ከሆነ አይወዳደርም ተባለና ከያንዳንዱ አንድ አንድ ክምር መጣ። የት ይቀመጥ ሲባል፣ ለመመልከት ይመቻል ተብሎ ከካቡ አናት ላይ ተደረደረ፤ ልክ ካቡ ካረገዘበት በላይ። ያን ክረምት ካቡ አህያውን ባዶውንም አላሳልፍ አለ።

በሁለተኛው ዓመት ሌላ ከተማ ያለ ካብ ይጎብኝ ተባለና ሰባቱም በበቅሎ ሄዱ። ሲደርሱ ካቡ ወድቋል። ብዙ ሰው ሞቷል። አልቅሰው፣ እዝን በልተው ተመለሱ። እኔ አሁንስ ነቁ ብዬ ሸንጎ ከፈትኩ። አቶ ድንበሩ ተነሥተው፣ «ካብ የሚወድቅ ነገር መሆኑን በዓይናችን አረጋግጠናል። ስለዚህ በካብ ነገር ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል» አሉ። ተስማሚዎቹ ተስማሙ። ይደር ተባለ።

ቀጥሎ ባለው ዓመት ለጥቂት ሊወስኑ ደርሰው ነበር። ሁሉም ቃሉን ሊሉት አፋቸውን አሟሽተው፣ አቶ ልሳነወርቅን አዩት። እሱ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

«ሁለተኛው ሐሳብ አልመጣልኝም» አለ።

«ታዲያ በመጀመሪያው እንሂዳ» አልኩት።

«የመጀመሪያው ምን ነበር?»

«አሁን የተባለው ነዋ።»

«እሱ የእኔ ክፍል አይደለም፣ እትዬ ይርገዱ።»

ሐሳቡ እስኪመጣለት ይደር ተባለ። በየጊዜው መንገድ ላይ ሳገኘው፣ «መጣልህ?» እለዋለሁ። «ትናንት የመጣ መስሎኝ ነበር» ይለኛል።

የወቅቱም ነገር አለ። በክረምት የተወሰነ ውሳኔ በፍርሃት የተወሰነ ነው ተብሎ ይፈርሳል። በበጋ የተወሰነ ደግሞ በድፍረት ነው ይባላል። የምትቀረው በበጋው መጨረሻና በመጀመሪያው ዝናብ መካከል ያለችው ጠባብ ጊዜ ናት። በዚያች ጊዜ ደግሞ ሰርግ ይበዛል፤ ሹሞቹ ሰርግ ላይ ናቸው።

የታች ሰፈር ሰው ይህን ሁሉ ሲያይ፣ በቃ ለቅቀን እንውጣ አለ። አልተፈቀደም። አቶ ድንበሩ አደባባዩ ላይ ቆመው ቁልቁል አስረዱ፦ ቤት ለቅቆ መውጣት ማለት ካቡ ይወድቃል ብሎ መወሰን ነው። ስለ ካቡ የሚወስነው ሸንጎው ነው። ጉዳዩ በሸንጎው እጅ እያለ ሌላ ሰው ቀድሞ ቢወስን ሥርዓት ይፈርሳል። ስለዚህ ለቅቆ የወጣ ቤቱን ያጣል።

ሰዉ ቀረ። ጫማውን ሳያወልቅ መተኛት ጀመረ። ውባለም ልጆቿን እግራቸውን ወደ በሩ አድርጋ ታስተኛለች፤ ለመጎተት እንዲመች። ሊጡ ላይ ከካቡ አፈር እየረገፈ ስላስቸገራት ድርብ ጨርቅ ታለብሰዋለች። ካቡ ድምፅ አለው፤ ተኝቶ ጥርሱን እንደሚያፋጭ ሰው ነው። እኔ ላይ ሰፈር ነው ቤቴ። ሰማዩ ባጉረመረመ ቁጥር ከቤት እወጣና፣ ይሄ ነጎድጓድ ነው ወይስ ካቡ ነው እያልኩ ደጅ እቆማለሁ። ልብ ብዬ ያዳመጥኩት ነጎድጓድ ሁሉ ካቡን ይመስለኛል።

«እኔ ጋ ነይ፣ ልጆቹን ይዘሽ» አልኳት አንድ ቀን።

«እማዬ፣ ቤቱን ይወስዱታል። ምድጃውን አዝዬ ልምጣ?»

«ካቡ ቢወድቅስ?»

«ካቡ ከወደቀማ ቤት ማን ይጠይቀኛል» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። እሷም ሳቋን እንደ ጀመረችው አልጨረሰችውም።

ዘንድሮ በጋው ሊያልቅ ሲል ግንበኛውን ጓንጉልን ይዤው ወረድኩ። ጓንጉል ካቡ ይታደሳል ሲባል በየዓመቱ ሠራተኞቹን ይሰበስባል፣ በየዓመቱ ይበትናል። ካቡን በመዳፉ ነካ አደረገው። እጁን ቶሎ ሰበሰበ፤ ትኩስ ድስት እንደነካ ሰው።

«እትዬ ይርገዱ፣ እውነቱን ልንገርሽ?»

«ሌላ ምን ልትነግረኝ መጣህ?»

«ከላይ ያለውን የናሙና ክምር ባነሳለትና ሆዱን በግንድ ብደግፈው ይህን ክረምት ይወጣዋል ብዬ አስባለሁ። በጋ ሲሆን አፍርሼ እንደገና እክበዋለሁ። ግን ዝናብ ከጠጣ በኋላ ከሆነ እኔን አትጥሩኝ።»

«ማንን ልጥራ ታዲያ?»

«ቀባሪ።»

«እንግዲያው ዛሬውኑ ጀምረዋ፣ ጓንጉል። ማን ያይሃል?»

«ቃል ሳይሰጥ አንዲት ድንጋይ ብነካ ግንበኛነቴን ይቀሙኛል፤ የነካሁትንም መልሰው እቦታው ያስቀምጡታል። መልሰው ሲያስቀምጡት ደግሞ ምን እንደሚሆን አንቺው አስቢው።»

አሰብኩት። ከዚያ አቶ ድንበሩ ቤት ሄድኩ። ለሰርግ ሲለብሱ ደረስኩ።

«ጋሽ ድንበሩ፣ ሸንጎ ልክፈት። ዝናቡ ደርሷል።»

«ይርገዱ፣ አንቺ ደግሞ ነገር ታጣድፊያለሽ። እስቲ ተቀመጪ። ካቡ እስከ ዛሬ ወድቆ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«አየሽ፣ ልምድ የለውም» አሉና ከዘራቸውን አነሡ።

ከዚያ ቤት ወጣሁ። የተናደድኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ፈርቼ ነው። አደባባዩን አቋርጬ ካቡ አናት ላይ፣ ናሙናዎቹ መካከል ተቀመጥኩ። ቁልቁል አየሁ። ያኔ ነው አንድ ነገር የገባኝ። ከላይ ሆኖ ካቡ አይታይም። የሚታየው አገሩ ነው፤ ማሳው፣ ወንዙ፣ የታች ሰፈር ጭስ። ሰባቱ ሰዎች ይህን ሁሉ ዓመት ስለ ካቡ ሲመክሩ ካቡን አይተውት አያውቁም። ቆመውበት ነው የኖሩት።

የሸንጎ ሥርዓት እንዲህ ነው። አስወሳኟ መቀነቷን ፈትታ በበሩ መቃኖች መካከል ወጥራ ስታስር ሸንጎው ተከፈተ ይባላል፤ ስትፈታው ተዘጋ ይባላል። በታሰረ መቀነት ላይ ማንም አይሻገርም፤ ሹምም ቢሆን። እኔ ስንት ዓመት «ይደር» ሲሉኝ ወዲያው ስፈታ ኖሬያለሁ፤ ከእኔ በፊት የነበሩትም እንዲሁ። ወዲያው ፍቺ ያለ ሥርዓት ግን የለም። አዳራሹ ውስጥ ብቻ ይሁን ያለም የለም። አዳራሹ የተለመደው ምንጣፍ ስላለው ነው።

ለሰባቱም መልእክት ላክሁ፦ ሸንጎው ነገ ውባለም ቤት ነው፤ ትኩስ ዳቦ አለ፣ ማርም አለ። የነገው ሰርግ ከሰዓት በኋላ ስለነበር ጠዋት ሥራ አልነበራቸውም። እሺ አሉ።

በዚያው ማታ የታች ሰፈርን በር ሁሉ አንኳኳሁ። «ነገ ላይ ሰፈር ዘመድ ጠይቁ» አልኳቸው። ቤት መልቀቅ ውሳኔ ነው፣ ዘመድ መጠየቅ ግን ውሳኔ ተብሎ አያውቅም። ጠዋት ሰዉ ሕፃናቱን አዝሎ፣ ሽማግሌዎቹን ደግፎ ዘመድ ጥየቃ ወጣ። ዘመድ የሌለው እኔ ቤት ገባ። ውባለም ልጆቿን ከባሏ ጋር ላከችና እሷ ቀረች።

«ሂጂ» አልኳት።

«እንግዳ ጠርተሽ ማን ያስተናግድልሻል?»

«እኔ አለሁ።»

«አንቺ ዳቦ ስትቆርሺ አይቻለሁ» አለችና እጅጌዋን ሰበሰበች። ግትርነቱን ከማን እንደወሰደችው ስለማውቅ አልተከራከርኳትም። ልከራከራት ይገባኝ እንደነበር ቀኑን ሙሉ ሳስብ ዋልኩ።

ሰባቱ መጡ። ደረጃውን በከዘራ እየፈተሹ ስለወረዱ ሲደርሱ ሰማዩ ጠቁሯል። የቤቱ መደብ ከካቡ በኩል ነው። በማዕረግ በማዕረግ ተቀመጡ፤ ጀርባቸውን ለካቡ ሰጥተው። ጓንጉልና ሰዎቹ ላይ አደባባዩ ላይ ገመድና ግንድ ይዘው ቆመዋል፤ ምንም አይነኩም፣ ቆመዋል ብቻ። እኔ መቀነቴን አሰርኩ።

ዳቦው ተቆረሰ። ሁሉም ደስ ብሏቸው ሲበሉ ከበስተኋላ ያ ድምፅ መጣ። አቶ ድንበሩ ጉርሻቸውን እንደያዙ ቀሩ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ካቡ ነው፣ ጋሼ» አለች ውባለም።

«ምን ሆኖ ነው?»

«ይናገራል አንዳንዴ።»

ወይዘሮ ጌጤነሽ ዞር ብላ ግድግዳውን አየች። «ልጄ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

«አይ፣ ዛሬስ ዝም ብሏል። እንግዳ ስላየ ይሆናል።»

ዝናቡ ጀመረ። መጀመሪያ ለስለስ ብሎ፣ ከዚያ እየጠነከረ። በካቡ በኩል ከጣሪያውና ከግድግዳው መገናኛ አንዲት ጠጠር ወረደችና ማሩ ሳህን ውስጥ ገባች። ሰባቱም ሳህኑን አዩ። ሌላ ጠጠር ወረደች። አቶ ድንበሩ ተነሡ።

«ሸንጎው ከዚህ ቦታ እንዲዛወር ሐሳብ አቀርባለሁ።»

ወይዘሮ ጌጤነሽ ሌላ አማራጭ ይምጣልኝ አላለችም። አቶ ልሳነወርቅ ጣሪያ አላየም። ተስማሚዎቹ ሐሳቡ ሳያልቅ ተስማሙ። በስንት ዓመት የመጀመሪያው ውሳኔያቸው ነው፤ ዳቦ በሚቆረስበት ፍጥነት ወሰኑት።

«ጥሩ ውሳኔ ነው» አልኩ። «ዛሬ የተያዘው ጉዳይ ግን ካቡ ነው።»

«እንግዲያው ካቡ ይደር።»

«እሺ» አልኩና ከደጃፉ፣ ከመቀነቴ አጠገብ፣ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ጠበቁኝ። እኔም ጠበቅኳቸው።

«ይርገዱ፣ ይደር ብለናል እኮ። ፍቺው እንጂ።»

«እፈታዋለሁ፤ አሁን ደክሞኛል።»

«ደግሞም ዝናብ ጀምሯል። በዝናብ የተወሰነ በፍርሃት ነው፤ ይፈርሳል።»

«እውነትዎን ነው፣ ጋሼ። እንግዲያው እስከ በጋ እዚሁ እንቀመጥ። ዳቦ አለ።»

አንደኛው ተስማሚ ተነሥቶ እስከ በሩ መጣ። መቀነቱን አየ፣ እኔን አየ። ቢሻገር ምን አደርጋለሁ? ምንም። ተመልሶ ተቀመጠ። ልጄን አየኋት። ፊቷን ወደ ካቡ አዙራ እንደሁልጊዜው ታዳምጣለች። በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት ራሴን ጠልቼ አላውቅም። ብነሣና መቀነቱን ብፈታው ሁላችንም በአንድ ትንፋሽ ላይ ሰፈር ነን። ነገ ግን ልጄ ተመልሳ እዚሁ ናት።

አልተነሣሁም።

ካቡ ድምፁን ለወጠ። መፋጨት የነበረው፣ እንጨት ሲሰነጠቅ የሚሰማ ዓይነት ሆነ። ከመደቡ ላይ ሁሉም ወደ መሐል ተሰበሰቡ፤ ሹምና ተስማሚ ሳይለይ ትከሻ ለትከሻ ተጣበቁ። ያን ጊዜ አቶ ልሳነወርቅ እጁን አወጣ።

«መጣልኝ» አለ።

«ምኑ?»

«ሁለተኛው ሐሳብ።»

«በል ተናገረው!» አለች ወይዘሮ ጌጤነሽ።

«የመጀመሪያው ትክክል ነበር።»

ማንም አልሳቀም። አቶ ድንበሩ ላባቸውን ጠረጉ። «እሺ፣ እሺ። ቃሉን ማን ይስጥ ታዲያ? ቃል የሰጠ ሥራው ሲያልቅ ከሥሩ መቆም አለበት። ይህን የሚያህል ካብ። እኔ ልጆች አሉኝ።»

እኔ ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ዋጥኩት።

ውባለም ሳህኑን ከጠጠሩ እያጸዳች፣ ቀና ሳትል፣ «ጋሼ፣ አሁን የት ሆነን ነው የምናወራው?» አለች።

አቶ ድንበሩ መልስ ሊሰጧት አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ላይ አዩ፤ ጣሪያውን፣ በመስኮቱ የሚታየውን የካቡን ሆድ፣ ከሆዱ በላይ የራሳቸውን ናሙና። ብዙ አዩ። ሲናገሩ ድምፃቸው የታመመ ሰው ድምፅ ነበር።

«ይሠራ።»

«ይሠራ» አለች ጌጤነሽ። «ይሠራ» አለ ልሳነወርቅ። አራቱ ተስማሚዎች ማን ጋር እንደተስማሙ ሳይጠይቁ «ይሠራ፣ ይሠራ» አሉ።

በመስኮቱ አንገቴን አውጥቼ ቃል ተሰጥቷል ብዬ ወደ ላይ ጮህኩ።

«በይ እንግዲህ ፍቺው» አሉኝ አቶ ድንበሩ። ሁሉም ተነሥተው ቆመዋል።

«ድንጋዩ ሲነሣ ልስማ።»

«ቃላችንን ሰጠን እኮ፣ ይርገዱ። ቃላችንን አታምኚም?»

«አምናለሁ። ግን ቃሉን የሰጣችሁት እዚህ ሆናችሁ ነው። ላይ ከወጣችሁ በኋላ አገሩን ታያላችሁ።»

ምን ማለቴ እንደሆነ የገባቸው አይመስለኝም። ተቀመጡ። ከላይ የመጀመሪያው ድንጋይ ተጎተተ። በተጎተተ ቁጥር ከካቡ ላይ አፈር ይረግፍብናል፤ በዳቦው ላይ፣ በኩታቸው ላይ፣ በልጄ ፀጉር ላይ። ጥቁሩ ክምር ተነሣ። ነጩ ተነሣ። ወይዘሮ ጌጤነሽ ዓይኗን ጨፍና እየሰማች ናት፤ «ይሄ ቀዩ ነው» ትላለች፣ «ይሄ የወንዙ ነው»። አቶ ድንበሩ ከዘራቸውን በካቡ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ አስደግፈው በሁለት እጃቸው ገፍተው ይዘውታል። ይረዳው እንደሆነ አላውቅም። ማንም ተዉት አላላቸውም። ትንሽ ቆይቶ ልሳነወርቅም ተነሥቶ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ገፋ። ከዚያ ተስማሚዎቹ። ልጄን ወደ እኔ ሳብኳትና ጭንቅላቷን እቅፌ ውስጥ አደረግሁ፤ ልጅ ሆና ካቀፍኳት ወዲህ እንደዚያ አቅፌያት አላውቅም። ላቧ የዳቦ ሽታ ነበረው።

ከዚያ ከላይ የጓንጉል ድምፅ መጣ፤ ዝናቡ እየቆራረጠው።

«ግንዱን ልናወርድ ነው። ከሥር ሰው አለ?»

ውባለም ልትመልስ ቀና አለች። ሰባቱ «አለን!» ብለው ቀደሟት።